ኒጻኒም፦ ከባህሩ ጀምሩና ወደ ውስጥ በእግር ሂዱ

እስራኤል ውስጥ ለምትኖሩም፣ ዘመድ ልትጠይቁ ለምትመጡም አንድ ምክር አለኝ። ግማሽ ቀን ካላችሁ ኒጻኒም ሂዱ። በአሽዶድና በአሽቀሎን መሀል፣ ከ4 ቁጥር መንገድ ወደ ባህሩ በኩል ያለ የአሸዋ ምድር ነው። ጥብቅ ቦታው 20 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። የዚህ አገር የባህር ዳርቻ አሸዋ አብዛኛው ሕንጻ ተሠርቶበታል። ቴል አቪቭ በ1909 ስትጀመር አሸዋ ላይ ነው፣ አሽዶድም በ1956 ስትቆረቆር አሸዋ ላይ ነው፣ የሪሾን ለጽዮን ምዕራቡ ክፍልም እንዲሁ። ኒጻኒም ከተረፉት ትልልቆቹ አንዱ ነው።

ወገኖቻችን አሽዶድ፣ አሽቀሎን፣ ቂርያት ማላኺና ርሆቮት በብዛት ይኖራሉ። ለእነሱ ቦታው ደጃቸው ነው ማለት ይቻላል። ስጠይቅ ግን አብዛኛው ሰው የሚያውቀው መዋኛውን ብቻ ነው። ከመዋኛው ጀርባ ያለውን ኮረብታ "አሸዋ ነው፣ ምን አለው?" ብሎ ያልፈዋል። ይህን ግምገማ የምጽፈው ስለዚያ ስለ ጀርባው ነው። ለቦታው ከ5 ኮከብ 5 እሰጣለሁ። አሸዋውን "እናሳያችኋለን" ብሎ ለወሰደን የጂፕ ጉብኝት ደግሞ 2። ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ አካሄዱን ልንገራችሁ። ብዙ ሰው ከመንገዱ በኩል ገብቶ አንድ ኮረብታ ላይ ወጥቶ፣ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። እናንተ ከባህሩ ጀምሩ። ጀርባችሁን ለውሃው ሰጥታችሁ ወደ ምሥራቅ ሂዱ። እንዲህ ስትሄዱ የአሸዋ ክምር እንዴት እንደሚወለድ፣ እንዴት እንደሚያድግ፣ እንዴት እንደሚቆም በቅደም ተከተል ታያላችሁ። ይህን ሁሉ በአንድ የእግር ጉዞ የሚያሳይ ሌላ ቦታ እዚህ አካባቢ አላየሁም።

ነገሩ የሚጀምረው ውሃው ዳር ነው። ማዕበል አሸዋ አምጥቶ ይጥላል። ፀሐይና ነፋስ የላዩን ያደርቁታል። እርጥብ አሸዋ እርስ በርሱ ስለሚያያዝ ነፋስ በቀላሉ አያነሳውም። የደረቀው ግን ነፋሱ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ መንቀሳቀስ ይጀምራል። እስቲ ነፋሻ ቀን ላይ ቁጢጥ በሉና መሬቱን በጎን ተመልከቱ። ቅንጣቶቹ አይበሩም፣ ይዘላሉ። ምጣድ ላይ እንዳለ የሽምብራ ቆሎ ብድግ ይላሉ፣ ይወድቃሉ፣ ሲወድቁ ሌላውን መትተው ያስነሳሉ። አብዛኛው አሸዋ የሚጓዘው ከጉልበት በታች ነው። ቁርጭምጭሚታችሁን እየወጋችሁ ፊታችሁን ብዙም የማይነካው ለዚህ ነው። ልጆች ካሉ ይህችን ቦታ ቶሎ አትለፏት። የኔዎቹ ሆዳቸው ላይ ተኝተው ነው ያዩት፣ ለማንሳት አቅቶኝ ነበር።

ከውሃው ትንሽ ራቅ ስትሉ ትንንሽ ጉብታዎች ይጀምራሉ። እያንዳንዱ ጉብታ ላይ ተክል አለ። በአጋጣሚ አይደለም፣ ጉብታውን የሠራው ተክሉ ነው። ነፋስ ቅጠሉ ጋ ሲደርስ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ የተሸከመውን አሸዋ እዚያው ይጥላል። በተለይ በዕብራይስጥ "ይዲድ ሃሆሎት" የሚሉት ረጅም ሳር ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው። አሸዋ ሲቀብረው አይሞትም፣ ይልቁንም ወደ ላይ ይወጣል፣ ከተቀበረው አንጓም አዲስ ሥር ያወጣል። ሳሩ ባደገ ቁጥር ጉብታው ያድጋል፣ ጉብታው ባደገ ቁጥር ሳሩ ይወጣል። ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ ከሄዳችሁ እዚሁ ዳርቻው ላይ ትልልቅ ነጭ አበባ ታያላችሁ። ዝናብ ባልጣለበት ወር፣ ቅጠል ሳይኖረው፣ ከደረቅ አሸዋ ውስጥ ብቻውን ይወጣል። ማታ ላይ ነው የሚከፈተው። አትቅጠፉት፣ በሕግ የተጠበቀ ነው።

ከዚያ ትልልቆቹ ይመጣሉ። አንድ ትልቅ የአሸዋ ክምር ስታዩ መጀመሪያ ሁለቱን ጎኖቹን ለዩ። ነፋሱ የሚመጣበት ጎን ረጅምና ለስለስ ያለ ዳገት ነው። አሸዋው እዚያ በነፋስ ስለተመታ ጠጠር ብሏል፣ እግር ብዙ አይሰምጥም። ሌላኛው ጎን ቀጥ ያለ ቁልቁለት ነው። ነፋሱ ቅንጣቶቹን ጫፍ ድረስ ያወጣቸውና ከጫፉ በኋላ ይለቃቸዋል፣ እነሱም በዚያኛው ጎን ይንሸራተታሉ። የደረቅ አሸዋ ቁልቁለት 33 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቆማል። ከዚያ በላይ ከተቆለለ ይናዳል። ስለዚህ ነው የትም አገር ሄዳችሁ የአሸዋ ክምር ብታዩ የቁልቁለቱ ማዕዘን ተመሳሳይ የሚሆንባችሁ። እስራኤልም ሆነ ናሚቢያ ያው ነው። ለእግረኛ ደግሞ ይህ በጣም ጠቃሚ እውቀት ነው፦ በነፋሱ ጎን ውጡ፣ በቁልቁለቱ ውረዱ። በተቃራኒው ከሞከራችሁ ሁለት እርምጃ ወጥታችሁ አንዱን ትመለሳላችሁ፣ ጉልበታችሁም ያልቃል። አብረውን ከነበሩት መካከል በቁልቁለቱ ለመውጣት የሞከሩት ወጣቶች ግማሽ ላይ ተቀምጠው ቀሩ፤ በስድሳዎቹ ዕድሜ ያሉ እናት በነፋሱ ጎን ቀስ ብለው ወጥተው ላይ ጠበቋቸው።

ክምሩ በዚህ መንገድ ነው የሚጓዘው። ነፋሱ በሚመታው ጎን ይቀነሳል፣ በቁልቁለቱ ጎን ይጨመራል። እዚህ ትልቁን ሥራ የሚሠራው ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው የክረምት ነፋስ ነው (ክረምት ስል የዚህን አገር ክረምት ነው፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለውን)። የበጋው የባህር ነፋስ ደስ ይላል እንጂ ክምር የማንቀሳቀስ አቅሙ ትንሽ ነው። ስለዚህ ክምሮቹ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ያመራሉ። ተክል ያልያዘው ክምር በዓመት ጥቂት ሜትሮች ይሄዳል። ኮምፓስ ባትይዙም ቁልቁለቱ ወዴት እንደሚያይ ካያችሁ አቅጣጫውን ታውቁታላችሁ።

አሁን እኔ በጣም የምወደው ክፍል ላይ ደረስን። ኒጻኒም ውስጥ ሁለት ዓይነት ቅርጽ ታያላችሁ። አንደኛው ከነፋሱ ጋር አግድም የተዘረጋ ራቁት የአሸዋ ጀርባ ነው፤ አንዳንዱ እየተቆራረጠ የጨረቃ ቅርጽ ይይዛል፣ ሁለቱ ቀንዶቹም ነፋሱ ወደሚሄድበት ያመለክታሉ። ቀንዶቹ ቀጭን ስለሆኑ ከመሀሉ ቀድመው ይሄዳሉና ነው። ሁለተኛው ቅርጽ የዚህ ግልባጭ ነው። ክንዶቹ ወደ ኋላ፣ ማለትም ነፋሱ ወደመጣበት ተዘርግተው ቀርተዋል፣ መሀሉ ደግሞ ወደፊት ወጥቷል። ክንዶቹን የያዛቸው ተክል ነው። መሀሉ ራቁት ስለሆነ ነፋስ ይገፋዋል። ሁለተኛውን ፓራቦላ ክምር ይሉታል።

ታዲያ አንድ ቦታ ላይ፣ በአንድ ነፋስ፣ እንዴት ሁለት ተቃራኒ ቅርጽ ተገኘ? መልሱ ሰው ነው። ከ1948 በፊት በአካባቢው የአረብ መንደሮች ነበሩ። ከብትና ፍየል በአሸዋው ላይ ይሰማራ ነበር፣ ቁጥቋጦውም ለማገዶ ይለቀም ነበር። በእንግሊዞች ዘመን ከአውሮፕላን የተነሱት ፎቶዎች ላይ ክምሮቹ ራቁታቸውን ናቸው። በ1948ቱ ጦርነት መንደርተኛው ተፈናቀለ፤ ግጦሹም ማገዶ ለቀማውም ቆመ። ከዚያ ወዲያ ተክል ተመለሰ፤ አግድም የነበሩት ክምሮችም ቀስ በቀስ ወደ ፓራቦላ ተቀየሩ። ሃይም ጾዓርና ዳን ብሉምበርግ በ2002 ባሳተሙት ጥናት ይህን ለውጥ በዚሁ በአሽዶድ ዳርቻ አሳይተዋል። አስቡት፣ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የመሬት ቅርጽ ተገለበጠ። በጂኦግራፊ ክፍል ስንማር የመሬት ቅርጽ በሚሊዮን ዓመት ብቻ የሚቀየር ይመስለን ነበር፣ እዚህ ግን አያቶች ያዩትና የልጅ ልጆች የሚያዩት የተለያየ ነው።

ከዚሁ ጋር አንድ ሌላ ነገር አለ። ሰው ሁሉ አሸዋ ሲያይ "ደረቅ ስለሆነ ነው" ይላል። አሽዶድ ላይ ግን በዓመት 500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይጥላል፣ ይህ ለብዙ ተክል በቂ ነው። አሸዋ ደግሞ ውሃ ያስቀምጣል። ዝናቡ ቶሎ ይሰርጋል፣ የላዩ ሲደርቅ የታቹን እርጥበት ይሸፍነዋል። በጠራራ ፀሐይ እንኳ በእጃችሁ ትንሽ ብትቆፍሩ ቀዝቃዛና እርጥብ አሸዋ ታገኛላችሁ፣ ሞክሩት። ተክልን የሚከለክለው የውሃ እጦት ሳይሆን ኃይለኛ ነፋስ ወይም የከብት አፍና የሰው እጅ ነው። እዚህ ያለው ነፋስ መካከለኛ ነው። ስለዚህ ካልተነካ ተክሉ ያሸንፋል።

ይህ ነገር ለጥብቅ ቦታው ጣጣ ሆኗል። ተክል መመለሱ ጥሩ አይደለም እንዴ ትሉ ይሆናል። በሌላ ቦታ ጥሩ ነው። እዚህ ግን ራቁት አሸዋ ላይ ብቻ መኖር የሚችሉ እንሽላሊቶች፣ አይጠ መጎጦችና ጢንዚዛዎች አሉ። አሸዋው ሲቆም እነሱ ይጠፋሉ፤ በሌላ የተለመደ እንስሳ ይተካሉ። ስለዚህ ተመራማሪዎችና ጠባቂዎች በአንዳንድ ክምሮች ላይ ተክሉን ሆን ብለው ነቅለው አሸዋው እንደገና እንዲንቀሳቀስ አድርገዋል። በማሽን ቁጥቋጦ የተነቀለበት ክምር ስታዩ አትቆጡ። አብሮን የነበረ አንድ ሰው "አረንጓዴ አልምተን ስናበቃ ደግሞ እንነቅላለን?" ብሎ ተናዶ ነበር። እኔ ግን ሥራው ትክክል ነው ባይ ነኝ። የሚንቀሳቀስ አሸዋ በዚህ አገር የቀረው በጣም ትንሽ ነው፣ ያንን ለማዳን ደግሞ እጅ ማስገባት ግድ ይላል።

በተለይ መነቀል ያለበት አካሲያ ሳሊኛ ነው። ሰማያዊ መሳይ ቅጠልና ቢጫ አበባ ያለው የአውስትራሊያ ግራር። ትግራይ ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ፣ ለማገዶና ለአፈር ጥበቃ በብዛት ተተክሏል። እዚህም ያመጡት በእንግሊዞች ዘመን የሚሄደውን አሸዋ ለማቆም ነው። ሥራውን ከሚፈለገው በላይ ሠራ። አፈሩን በናይትሮጅን ያዳብራል፣ አገሬው ተክል ደግሞ ድሃ አሸዋ ነው የለመደው። ዘሩ መሬት ውስጥ ለብዙ ዓመት ሳይበላሽ ይቆያል፣ ስለዚህ ዛፉን ቆርጦ መሄድ ብቻ አይበቃም።

የአገሬውን ተክል ግን ቆም ብላችሁ እዩት። አንዱ ቁጥቋጦ የአሪቲ ዘመድ ነው፣ ቅጠሉን በጣታችሁ አሸት አድርጋችሁ አሽትቱት። ሌላው ሮተም ነው፣ ነቢዩ ኤልያስ ሸሽቶ ከሥሩ ተኛ የሚባልለት። ከጥር እስከ መጋቢት ነጭ አበባ ይሸፍነዋል፣ ያኔ ሽታው ራሱ መንገድ ያስቀይራል።

ሾላም አለ! እውነተኛው ሾላ፣ የኛው። በአሽዶድና በኒጻኒም አሸዋ መሀል ያረጁ የሾላ ዛፎች አሉ። ከላይ የጠቀስኳቸው እናት ግንዱን ዳስሰው፣ "ልጄ፣ ይቺ እኮ ሾላ ናት፣ እዚህ ማን አመጣት?" አሉኝ። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር። ሾላ በራሱ የሚራባው አበባውን የምታዳቅል ትንሽ ተርብ ስትኖር ነው፣ እሷ ደግሞ እዚህ አገር የለችም። ስለዚህ እዚህ ያለውን ሾላ በጥንት ዘመን ሰው ነው በቅርንጫፍ የተከለው። አሸዋው በኋላ መጥቶ ግንዱን ሲቀብረው ዛፉ ከተቀበረው ግንድ አዲስ ሥር አውጥቶ ኖረ። እማማ ከጥላው አልነሳም ብለው እዚያው ቡና ይፈላልኝ አሉ። ጥብቅ ቦታ ውስጥ እሳት ማንደድ ክልክል ስለሆነ በፔርሙስ ይዘን የመጣነውን ጠጣን። እናንተም በፔርሙስ ይዛችሁ ሂዱ።

ስለ ድንጋዩ አጭር ነገር ልበል። አሸዋው መሀል ጠንካራ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቢጫ ድንጋይ ታያላችሁ። ኩርካር ይባላል። ይህ የድሮ የአሸዋ ክምር ነው። የዝናብ ውሃ በአሸዋው ውስጥ ያለውን የቀንድ አውጣና የዛጎል ስብርባሪ አሟሟ፣ የሟሟው ኖራ መልሶ ቅንጣቶቹን አጣበቀ። ከባህሩ ጋር ጎን ለጎን የሚሄዱት ረጃጅም ኮረብታዎች እነዚህ ናቸው። ዛሬ የምትረግጡት ልቅ አሸዋ ግን ከነሱ አንጻር ትናንት የመጣ ነው፤ በዚህ ዳርቻ ብዙ ቦታ ከባይዛንታይን ዘመን ፍርስራሽ በላይ ተኝቶ ተገኝቷል።

እንግዲህ ወደ ጂፕ ጉብኝቱ። የድርጅቱን ስም አልጠራም። "የአሸዋ ሳፋሪ" ብለው ሸጡልን። በጥብቅ ቦታው ውስጥ ከመንገድ ውጭ መኪና መንዳት የተከለከለ ስለሆነ የወሰዱን ዳር ዳሩን ነው፣ ይህን ሲሸጡ አልነገሩንም። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ይዘን በጠዋት ነው የተቀጠርነው፤ መኪናው የመጣው ፀሐይዋ ከጠነከረች በኋላ ነው። አንድ ኮረብታ ላይ አቁመው ለፎቶ ብዙ ጊዜ ሰጡን፣ ስለ ቦታው የተነገረን ግን ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም። ጎማው ደግሞ ገና መያዝ የጀመረ ጉብታ ላይ ሲሄድ እያየን ዝም ማለት አልቻልንም። አንድ ጊዜ የተነቃቀለ የባህር ዳር ሳር በቶሎ አይመለስም፣ በዚያ ሽንቁር በኩል ነፋስ ይገባና ክምሩን ይቦረቡረዋል። ሁለት ኮከብ የሰጠሁት ሾፌሩ ትሁት ስለነበረና ቀዝቃዛ ውሃ ስላልነፈገን ነው።

ከሁሉም በላይ ያናደደኝ ግን አንድ አባባል ነው። አስጎብኚው ኢትዮጵያውያን መሆናችንን ሲያውቅ "ይህ ሁሉ አሸዋ ከእናንተ አገር፣ በአባይ የመጣ ነው" አለ። ሁሉም አጨበጨበ። ደስ ይላል፣ ግን ግማሽ እውነት ነው። ሙሉ እውነቱ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ደስ ይላልና ላስረዳ።

አሸዋው የናይል መሆኑ ልክ ነው። ናይል ወደ ሜዲትራኒያን ሲገባ የጣለውን አሸዋ ማዕበልና የባህር ጅረት እየገፋ በሲና፣ በጋዛ፣ በአሽቀሎንና በአሽዶድ ዳርቻ ወደ ሰሜን ይወስደዋል። ጉዞው የሚያልቀው ሃይፋና አኮ አካባቢ ነው። ናይል የሚሸከመው ደለል ደግሞ አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ፣ በአባይና በተከዜ የሚወርድ ነው። እስከዚህ ልክ ነው። ነገር ግን ደለል ሁሉ አሸዋ አይደለም። ከደጋችን የሚሄደው በአብዛኛው ደቃቅ ጭቃ ነው። ጭቃው ግብጽን ሲያዳብር ኖረ፣ የተረፈው ባህሩ ውስጥ ራቅ ብሎ ሰፈረ። ነፋስ ክምር የሚሠራበት ከባዱ ቅንጣት ነው፣ ኒጻኒም ላይ ያለው ቅንጣት በአብዛኛው ኳርትዝ የሚባለው ጠንካራ ማዕድን ነው። የደጋችን ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልቱ፣ ኳርትዝ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ይህ ቢጫ አሸዋ በብዛት የመጣው ናይልና ገባሮቹ በረጅሙ መንገዳቸው ከሚያጥቧቸው የአሸዋ ድንጋዮችና ከጥንታዊ ዓለቶች ነው። ከነዚህ ውስጥ በአባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ የምናየው የአሸዋ ድንጋይም ድርሻ አለው።

ታዲያ የኛው ባዛልት የታለ? አለ። ወደ ውሃው ዳር ተመለሱ። ማዕበል ቀለል ያለውን ወስዶ ከባዱን ሲተው አሸዋው ላይ ጥቁር መስመር ይሠራል። እፍኝ አድርጋችሁ አንሱት። ከነዚህ ጥቁር ቅንጣቶች መካከል ኦጋይት የሚባለው ማዕድን አለ፣ እሱ የደጋችን እሳተ ገሞራ ድንጋይ ምልክት ነው። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ግን በእርግጥ የኛ ነው። ለልጆቻችሁ ይህን አሳዩአቸው። ማግኔት ብትይዙ ደግሞ የተወሰኑት ቅንጣቶች ሲጣበቁ ያያሉ። "ሁሉም የኛ ነው" ከማለት "ይቺ ጥቁሯ የኛ ናት" ማለት ይበልጣል፣ ምክንያቱም በእጅ ይዞ ማሳየት ይቻላል።

አሁንስ አሸዋ ይመጣል ወይ? የአስዋን ታላቁ ግድብ በ1970 ካለቀ ወዲህ ከላይ የሚመጣው ደለል ግድቡ ጀርባ ይቀራል። የሕዳሴ ግድብ ደግሞ የራሱን ድርሻ ይይዛል፣ ግን ለዚህ ዳርቻ ዋናው በር ቀድሞ አስዋን ላይ ተዘግቷል። የሚመጣው አሸዋ አሁን በአብዛኛው የድሮው ነው፤ ባህሩ የግብጽን ደልታ እየበላ የሚያመጣው። በዚህ ላይ ሰው አለ። ለግንባታ ከባህር ዳር ብዙ አሸዋ ሲጫን ኖሮ በ1964 በሕግ ተከለከለ። የአሽዶድ ወደብ ግድግዳ ደግሞ ወደ ሰሜን የሚሄደውን አሸዋ ከደቡቡ ጎን ይይዛል፣ ከሰሜኑ ያለው ዳርቻ ይጎድላል። ስለዚህ ኒጻኒምን ስታዩ ብዙ ምትክ የሌለው ነገር እያያችሁ ነው። እዚያ ላይ ቆሻሻ ጥሎ የሚሄድን ሰው፣ ወይም ልጁን በአራት ጎማ ሞተር ክምር ላይ የሚያስነዳን አባት ሳይ የምናደደው ለዚህ ነው፤ አንድ ሁለት ጊዜም ቀርቤ ተናግሬያለሁ፣ ወደፊትም እናገራለሁ።

የመጨረሻው ስለ ጉዞው ነው። ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ሂዱ። ሻራቭ (ከበረሃ የሚመጣው ሞቃት ነፋስ) በሚነፍስበት ቀን በጭራሽ አትሂዱ፤ ከአየሩ ይልቅ አሸዋው በጣም ይሞቃል፣ ባዶ እግር የሄደ ልጅ እግሩ ይቃጠላል። የተዘጋ ቀላል ጫማ ይሻላል፣ ሳንዳል አሸዋ ይሰበስባል። ውሃ ለአንድ ሰው ከ2 ሊትር በታች አትያዙ፣ ክምሮቹ መሀል ጥላም ቧንቧም የለም። ካርታ ስልካችሁ ላይ ቀድማችሁ አውርዱ፤ ሁለት ክምር ካለፋችሁ በኋላ ባህሩ አይታይም፣ ሁሉም ኮረብታ ይመሳሰላል። የመዋኛው መግቢያ ክፍያ እንደ ወቅቱ ስለሚለያይ ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ። ቁጥቋጦ ሥር እጅ አትክተቱ። መራመድ ለሚከብዳቸው ትልልቆች ሾላው ጥላ ድረስ ያለው መንገድ ይበቃል፣ ወደ ትልልቆቹ ክምሮች አትጎትቷቸው።

ቀን መምረጥ ከቻላችሁ ነፋሻ ሌሊት ያለፈበትን ጠዋት ምረጡ። ነፋሱ የትናንቱን ሁሉ ስለሚያጠፋው አሸዋው ላይ የምታዩት ዱካ የዚያኑ ሌሊት ነው። የቀበሮ፣ የሚዳቋ፣ የጢንዚዛ፣ ጅራቱን እየጎተተ ያለፈ የእንሽላሊት ዱካ፣ ሁሉም ጥርት ብሎ ይታያል። ፀሐይ እንደወጣች ድረሱ፤ ረፋዱ ላይ ግማሹ በሰው እግር ግማሹ በባህር ነፋስ ይጠፋል።